«እንዲህ ይባላልን?»
በባዕድ ቋንቋ ስለሚደረግ የቃል ምርጫ የቀረበ ሒስ

ሰው በእናቱ አፍ ሲናገር ቃሉን አይመረምርም፤ ቃሉ ራሱ ይመጣለታል። በትምህርት ባገኘው ቋንቋ ሲናገር ግን ከቃሉ አስቀድሞ ጥርጣሬ ይመጣበታል። ሰዋስዉን አጥንቶ፥ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ፥ ዓረፍተ ነገሩን ካቀና በኋላ እንኳ «ይህ ነገር በባለ ቋንቋዎቹ ዘንድ እንዲህ ይባላልን? ወይስ ስሕተት ሳይገኝበት ባዕድነቴን ይመሰክርብኛልን?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። በሐይቅና በውጫሌ፥ በደሴም ቢሆን፥ እንግሊዝኛ ለመጻፍ ብዕር የሚያነሣ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። የሥራ ማመልከቻ የሚጽፈው ወጣት፥ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የሚልከው ተማሪ፥ ለመጣው እንግዳ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚያስረዳው አስጎብኚ፥ ሁሉም በአንድ ደጃፍ ላይ ቆመው ያመነታሉ።

ይህን ማመንታት አንዳንዶች የድንቍርና ምልክት ያደርጉታል፤ «ያወቀ ሰው አይጠራጠርም» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የባርነት ምልክት ያደርጉታል፤ «የሰውን ቋንቋ እንደ ባለቤቱ ካልተናገርሁ ብሎ መጨነቅ ራስን ማዋረድ ነው» ይላሉ። እኛ ግን ሁለቱንም ፍርድ አንቀበልም። ጥርጣሬው የሚነቀፈው ቦታውን ሲስት እንጂ ስለ ተነሣ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገር እንመረምራለን፤ ይኸውም ጥያቄው በዚህ አገር ምን ያህል የቈየ እንደ ሆነ፥ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጐዳ፥ በመጨረሻም ለባዕድ ቋንቋ የምንጨነቀውን ያህል ለገዛ ቋንቋችን የማንጨነቀው ስለ ምን እንደ ሆነ ነው።

ጥያቄው ከእንግሊዝኛ ጋራ የመጣ አዲስ እንግዳ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሐይቅ እስጢፋኖስ ተቀምጠው ደቀ መዛሙርት ባስተማሩበት ዘመን ግእዝ የማንም ሕፃን አፍ መፍቻ አልነበረም። ምሁራን እንደሚያስረዱት ግእዝ የሕዝብ መነጋገሪያ መሆኑ የቀረው ከዚያ ዘመን አስቀድሞ ነውና። እንግዲህ በሐይቅ ግእዝ የተማሩትና በግእዝ የጻፉት ሁሉ ቋንቋውን ከመጽሐፍና ከመምህር ያገኙ ናቸው እንጂ ከእናት የሰሙ አይደሉም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የዚያ ትምህርት ምስክር ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በሐይቅ በተማሩ ጊዜ ትምህርቱ ሳይገባቸው ብዙ ዘመን መቈየታቸውን ገድላቸው ይተርካል፤ በ1424 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ግን መጽሐፈ ምሥጢርን ያህል ታላቅ ድርሰት በዚያው ቋንቋ ፈጸሙ። ከየመን መጥተው በደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆምም አንቀጸ አሚንን በግእዝ ደረሱ፤ በ1553 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ደግሞ የበረላምንና የይዋስፍን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። ለእኒህ ሰው ግእዝ ሁለት ጊዜ ባዕድ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቋንቋውም አገሩም አዲስ ነበረና።

ታዲያ ባለ ቋንቋ በሌለበት እንዴት ተጻፈ? ብራናውን በጥንቃቄ የሚመለከት ሰው የባዕድነቱን ምልክት ማግኘቱ አይቀርም። የአማርኛ አፍ ሠን ከሰ፥ ሐንና ኀን ከሀ፥ ፀን ከጸ በድምፅ ስለማይለይ ጸሓፊው አንዱን ፊደል በሌላው ቦታ ያገባል። በኋለኛው ዘመን በተጻፉት የነገሥታት ታሪኮችም በግእዙ መካከል የአማርኛ ቃል ብቅ ይላል። ጸሓፊው በዚህ ምክንያት አልተናቀም፤ ነገር ግን የተወለደበት አፍ ታወቀበት። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ በትምህርት የተገኘ ቋንቋ ምን ቢጠራ የእናት አፍ በውስጡ አሻራውን ይተዋል።

ዳሩ ግን ሊቃውንቱ ይህን ጥርጣሬ ሥርዓት አበጁለት። በቅኔ ቤት ተማሪው ግሥ ያጠናል፥ አገባብ ይማራል፥ ከዚያም ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ቅኔ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፥ መምህሩም ያርምለታል። ነገም ይህንኑ ይደግመዋል። ከዋሸራና ከጐንጅ ጋራ በቅኔ መንገዱ ስሙ የሚጠራው ዋድላ በዚሁ በወሎ መገኘቱን አንባቢ ያውቃል። በዚህ ሥርዓት «እንዲህ ይባላልን?» ብሎ መጠየቅ የደካማ ተማሪ ነውር ሳይሆን የሁሉም ተማሪ የዕለት ሥራ ነው። በወሎ መድረሳዎችም ደረሳው ዐረብኛውን ከሸኹ ፊት ተቀምጦ እየተቃና ይማራል፤ ሕዝቡ ግን መንዙማውን በአማርኛ ይሰማል። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች የባዕድን ቋንቋ በትሕትና ተማሩ፥ የራሳቸውንም አልጣሉም።

ነገር ግን በግእዝና በእንግሊዝኛ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ግእዝን ገበያ ወጥቶ የሚጠይቁት ባላገር የለም፤ ዳኛው መጽሐፍና መምህር ነው። ስለዚህ «ትክክል ነው» የሚለውና «እንዲህ ይባላል» የሚለው ፍርድ በግእዝ እጅግ ይቀራረባሉ። እንግሊዝኛ ግን ዛሬም ሕፃናት በእናታቸው ጭን ላይ የሚማሩት ሕያው ቋንቋ ስለ ሆነ ሁለቱ ፍርዶች ይለያያሉ፤ ሰዋስው የፈቀደውን ልማድ ይከለክላል፥ ሰዋስው የነቀፈውንም ልማድ ያስገባል። የአምባሰልን ቅኝት የለመደ ሰው የድምፆቹን ስም ባያውቅም የክራሩ አንድ ክር ሲስት ወዲያው ጆሮውን ይቈረቍረዋል፤ ለምን እንደ ቈረቈረው ግን ቢጠይቁት ሊያስረዳ አይችልም። የቋንቋ ልማድም እንዲሁ ነው። ባለ ቋንቋውን «ይህ ቃል ስለ ምን አይሆንም?» ቢሉት ብዙ ጊዜ «እንዲህ አንልም» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውም። ይህም መልስ ተማሪውን ያስቈጣዋል፤ እርሱ ሕግ ይፈልጋልና። ሕግ በሌለበት ሕግ መፈለግ ግን ድካም ብቻ ነው።

ባለ ቋንቋን መጠየቅ ራስን ማዋረድ ነው የሚሉትን ሰዎች ስለ አባ ጎርጎርዮስ እናስታውሳቸው። እኒህ አባት በቤተ አምሐራ፥ ማለት በዛሬው ወሎ፥ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። በ1649 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሮማ ከተማ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋራ ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ በመስፍኑ በኤርንስት ጥሪ ወደ ጎታ ሄደው ከሉዶልፍ ጋራ ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋና ታሪክ ብዙ ተወያዩ። የሚያስደንቀው ነገር ሁለቱ በመጀመሪያ የተነጋገሩት በግእዝ መሆኑ ነው፤ ግእዝ ግን ለአንዳቸውም የእናት አፍ አልነበረም፥ ለተራ ጨዋታም የተለመደ ቋንቋ አልነበረም። አማርኛን በተመለከተ ግን ባለቤቱ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፥ ጠያቂውም ፈረንጁ ነበረ። ሉዶልፍ የግእዙን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፥ የአማርኛውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1698 አሳተመ፤ አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 በመርከብ አደጋ በባሕር ስላረፉ አንዱንም አላዩም። የአውሮፓ ሊቅ የወሎውን መነኵሴ አፍ ዳኛ አድርጎ ስለ ጠየቀ አልተዋረደም፤ መጽሐፉ ለብዙ ዘመን ምሁራን መሠረት ሆነ እንጂ። እንግዲህ ዛሬ የእኛ ተማሪ እንግሊዛዊውን ቢጠይቅ ስለ ምን ይዋረዳል?

ጥያቄው ሳይጠየቅ ሲቀር የሚመጣውን ጉዳት ግን ከአምባሰል ምድር ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ባላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በኢጣልያንኛው ግን በዚያው ቦታ የገባው ግሥ ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ «ይስማማሉ» የሚል ነው። የአማርኛው ቃል ፈቃድን ለባለቤቱ ይተዋል፥ የኢጣልያንኛው ቃል ፈቃዱን አስቀድሞ ይወስዳል። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው ሰዋስው የቀኑ ናቸው፤ ሰዋስውን ብቻ የሚመለከት መርማሪ ቢታይባቸው ኖሮ አንድ ጕድለት አያገኝባቸውም ነበር። የቃሉ ክብደት ግን ልዩ ልዩ ነበር። ነገሩ ስሕተት ነው ወይስ ተንኰል የሚለውን ክርክር ለታሪክ ጸሓፊዎች እንተወው። አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ሆነ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባው ስምምነት የውጫሌ ውል ፈጽሞ ተሻረ። «ይህ ቃል በእነርሱ ጆሮ ምን ያህል ይመዝናል?» ብሎ መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ አለመሆኑን ለማወቅ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የሚያስፈልገን አይመስለንም።

አሁን ወደ ዛሬው ተማሪ እንመለስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አደረገ። ስለዚህ በቤቱና በገበያው አማርኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ ፊዚክሱንና ታሪኩን በእንግሊዝኛ ሊጽፍ ግድ ሆነበት። ይህ ልጅ ሰዋስው ሲማር ቈይቷል፤ ልማድን ግን የሚያገኝበት ስፍራ የለውም። ስለዚህ ከአማርኛው ይበደራል። ባልንጀራውን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲያገኘው «ጠፋህ» እንደምንለው በእንግሊዝኛም «ዩ አር ሎስት» ይለዋል፤ ባለ ቋንቋው ግን መንገድ ስቶ የተንከራተተ ሰው መሆኑን ይረዳል። ከወዳጆቹ ጋራ ሲጫወት ማምሸቱን ሲተርክ «ፕሌይ» የሚለውን ቃል ያገባል፤ ሰሚው ግን ጐልማሶቹ ኳስ ወይም ካርታ ሲጫወቱ ያመሹ ይመስለዋል፥ እኛ ጨዋታ የምንለው ጭውውት በእንግሊዝኛ በዚያ ቃል አይጠራምና። ወፍራም ሻይ ለማለት «ቲክ» ይላል፤ እንግሊዝ ግን ሻይን ብርቱ እንጂ ወፍራም አይለውም። «ሻይ ቡና እንበል» የሚለውን ግብዣ ቃል በቃል ቢያዞረው ሰሚው ምን እንዲል እንደ ተጠየቀ ግራ ይገባዋል።

ከሁሉም ይልቅ የምታስቸግረው ታናሺቱ «በ» ናት። በደሴ ኖረ፥ በመኪና ሄደ፥ በሰኞ ዕለት ደረሰ፥ በዱላ መታ ስንል ይህች አንዲት ፊደል ሁሉን ትችላለች። እንግሊዝኛው ግን ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ቃል ያቆማል፤ የትኛው በየት እንደሚገባም ብዙውን ጊዜ ልማድ እንጂ ሕግ አይወስነውም። ስለዚህ ብዙ ዓመት የተማረ ሰው እንኳ በእነዚህ ትናንሽ ቃላት ላይ ቢሰናከል ስለ ስንፍናው አይደለም።

ነገሩን በገዛ ቋንቋችን ብንመለከተው ይገለጥልናል። በአማርኛ ቃል ሁሉ ጓደኛ አለው። ጠላ ይጠመቃል፥ ጠጅ ይጣላል፥ ቡና ይፈላል፥ እንጀራ ይጋገራል፥ ድንኳን ይተከላል፥ ቤት ይሠራል። እንግዳ ሰው መጥቶ «ጠጅ ጋገርሁ» ቢለን አሳቡ ይገባናል፥ ነገር ግን ፈገግ እንላለን። ጠጅ ስለ ምን እንደሚጣል ቢጠይቀንም አጥጋቢ መልስ አንሰጠውም። እንግዲህ እኛ በእንግሊዝኛ የምንሠራው ስሕተት አብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው፤ ቃሉን እናውቀዋለን፥ ጓደኛውን ግን አናውቀውም። ይህን ችግር ባዕዳን ሁሉ ይካፈሉታል። ዛሬ በትምህርት ቤቶች የታወቀው ኦክስፎርድ የሚያሳትመው የተማሪዎች የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንኳ መነሻው እንግሊዝ አገር አይደለም፤ ሆርንቢና ሁለት ባልንጀሮቹ ለጃፓን ተማሪዎች አዘጋጅተው በ1942 በቶኪዮ ያሳተሙት ነው። ለባለ ቋንቋው የሚዘጋጅ መዝገብ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ቢነግር ይበቃዋል፤ ለባዕዱ ግን ቃሉ ከማን ጋራ እንደሚውል ጭምር ሊነግረው ይገባል።

እንግዲህ ጥርጣሬው መቼ ይጠቅማል፥ መቼስ ይጐዳል? እኛ በሦስት ደረጃ እንከፍለዋለን። የመጀመሪያው ሰሚውን የሚያሳስት ቃል ነው። ቀጠሮውን በአገራችን አቈጣጠር አስቦ ለውጭ አገር ሰው «በሁለት ሰዓት ና» ብሎ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ጧት ሲጠብቀው እንግዳው ከስድስት ሰዓት በኋላ ከቀትር በታች ይመጣል። እንደዚህ ያለው ስሕተት ያለ ምሕረት ይታረም፤ በውልና በሐኪም ትእዛዝ፥ በፍርድ ቤት ምስክርነትም ሲሆን ሰውን ይጐዳልና። ሁለተኛው የሚገባ ነገር ግን የሚቈረቍር ቃል ነው፤ ወፍራም ሻይ ከዚህ ወገን ነው። ይህን በደብዳቤና በመጽሐፍ እናርመው፤ በቃል ንግግር ግን ስለ እርሱ ብለን ዝም አንበል። ሦስተኛው በእነርሱ ዘንድ የሌለውን የእኛን ነገር የሚሸከም ቃል ነው። አይዞህ፥ ጠበል፥ ዕቁብ፥ ማኅበር የሚሉት ቃላት በእንግሊዝኛ ትክክለኛ አቻ የላቸውም፤ እነዚህን ባለ ቋንቋው ስላላወቃቸው ብቻ መተው አይገባም። እንዳሉ ይጻፉ፥ አጠገባቸውም አጭር ማብራሪያ ይቁም።

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ሦስቱን ደረጃ ቀላቅሎ ሁሉን በአንድ ፍርሃት በመመልከት ነው። ብዙ አዋቂ ሰው በጉባኤ ላይ አሳብ ሳያጣ ሻዩን ወፍራም እንዳይል ፈርቶ ይቀመጣል፤ ጥቂት የሚያውቅ ነገር ግን በደንብ የሚናገር ሰው ደግሞ ቦታውን ይይዛል። በዚህ ጊዜ የሚጐዳው ቋንቋው ሳይሆን ጉዳዩ ነው። «ይህ እንደ ባለ ቋንቋ ይሰማልን?» ብለን ስንጠይቅም «በየትኛው ባለ ቋንቋ ጆሮ?» ብለን መጨመር ይገባናል። እንግሊዝኛ በለንደን አንድ፥ በሌጎስ ሌላ፥ በዴልሂ ሌላ ነው፤ ቋንቋውን በትምህርት ያገኙት ሰዎችም ዛሬ ከእናታቸው ከሰሙት በቍጥር ይበልጣሉ። የሐይቅ ነጋዴ በእንግሊዝኛ የሚጻጻፈው ከእንግሊዛዊ ይልቅ ከቻይናዊና ከቱርክ ጋራ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው የለንደን ጣዕም ሳይሆን ግልጽነት ነው።

በሥነ ጽሑፍ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ፖላንዳዊው ጆሴፍ ኮንራድ እንግሊዝኛን ከፖላንድኛና ከፈረንሳይኛ ቀጥሎ በጐልማሳነቱ ተማረ፤ በ1895 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አሳተመ፥ እስኪሞት ድረስም አፉ ባዕድነቱን ይናገርበት ነበር፤ ብዕሩ ግን ከእንግሊዝኛ ታላላቅ ደራስያን ጋራ አስቈጠረው። ናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱኦላ በ1952 በለንደን ያሳተመው ልብ ወለድ ከአርእስቱ ጀምሮ ለልማድ አልተገዛም፤ በተለመደው እንግሊዝኛ «ድራንከርድ» የሚባለውን ሰካራም እርሱ «ድሪንካርድ» ብሎ ጻፈው። በእንግሊዝ አገር ገጣሚው ዲላን ቶማስ አመሰገነው፤ በአገሩ ግን አንዳንድ የተማሩ ሰዎች «አሳፈረን» ብለው ተቈጡ። ቺኑዋ አቸቤ ደግሞ በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ አፍሪካዊ ጸሓፊ እንግሊዝኛን እንደ ባለ ቋንቋው ለመጠቀም መጨነቅ አይገባውም የሚል አሳብ አቀረበ። በእኛ ዘንድ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1965፥ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1969፥ ዳኛቸው ወርቁ በ1973፥ ሁሉም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ የእንግሊዝኛ ድርሰት አሳትመዋል። ዳኛቸው በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን በአማርኛ ሲያወጣ በቃል ምርጫው አንባቢን ያስቸገረ ደራሲ ነበረ፤ በእንግሊዝኛው ልብ ወለዱ ደግሞ ሕመምተኛው ፊታውራሪ ወልዱ ወደ ዝቋላ ጠበል ሲወሰዱ ያሳየናል። የእኒያን ባላባት ንግግር የለንደን ሰው ንግግር ቢያስመስለው ኖሮ ሐሰት በሆነ ነበር።

ከዚህ የምናወጣው ፍርድ ይህ ነው። ባዕድ የሚመስል ቃል በደራሲ እጅ የሚደነቀው ደራሲው ልማዱን አውቆ በፈቃዱ ሲተወው ነው፤ ሳያውቀው ከሆነ ግን ምስጋናው ለዕድል እንጂ ለእርሱ አይደለም። የቱቱኦላ ጉዳይ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ከሁለቱ በየትኛው ወገን እንደ ሆነ ስለማይለይ ይመስለናል። አቸቤም የተናገረው ቋንቋውን ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ መሆኑን መርሳት አይገባም። ስለዚህ «እኔም በራሴ መንገድ እጽፋለሁ» የሚለው ወጣት አስቀድሞ የሰዎቹን መንገድ ይወቅ። የቅኔ ተማሪም ሕጉን ሳይዘልቅ ሕግ ቢያፈርስ መምህሩ አይቀበለውም።

ዛሬ ደግሞ አዲስ መምህር መጥቷል። በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው መሣሪያ የጻፉትን እንግሊዝኛ በቅጽበት አቃንቶ ይመልሳል። ጥቅሙን አንክድም፤ መምህር በሌለበት መንደር ላለ ልጅ ትልቅ ርዳታ ነው። ነገር ግን ይህ መሣሪያ ሦስቱን ደረጃ ሳይለይ የሚያቃናበት ጊዜ አለ፤ ስሕተቱን ሲያርም የጸሓፊውን መልክ አብሮ ይወስዳል፥ ሁሉንም ማመልከቻ የአንድ ሰው ማመልከቻ ያስመስለዋል። የቅኔ መምህር ካረመ በኋላ ተማሪው ነገ ራሱ ይቈጥራል፤ መሣሪያው ካረመ በኋላ ግን ተማሪው ነገም መሣሪያውን ይጠይቃል። ስለዚህ አጠቃቀሙ ይለወጥ፤ «አርምልኝ» ከማለት ይልቅ «ይህ ቃል ከየትኞቹ ቃላት ጋራ ይውላል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በደብተር መዝግቦ በመጽሐፍ ማመሳከር ይሻላል።

አሁን ወደ መጨረሻውና ወደሚያሳዝነው ነገር ደረስን። ለእንግሊዝኛው ቃል ይህን ያህል የሚጨነቀው ሰው ወደ አማርኛው ሲመለስ ጥርጣሬው ሁሉ ይጠፋል። «ወሰንን» በማለት ፈንታ «ውሳኔ ወሰድን» ይላል። «አስብበት» በማለት ፈንታ «ግምት ውስጥ አስገባው» ይላል። ነገሩ ትርጕም እንዳለው ለመግለጽ «ስሜት ይሰጣል» ይላል፤ ስሜት የሚሰጥ ግን ዘፈንና ለቅሶ ነበር። «ለነገሩ» ወይም «ዞሮ ዞሮ» የሚሉ ያማሩ ቃላት ሳሉለት «በቀኑ መጨረሻ» ይላል፤ አድማጩ ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቃል። እንግሊዛዊ እንዳይስቅበት ሌሊቱን ሙሉ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው እናቱ ስላልገባት ነገር አንድ ጊዜ እንኳ አይጠይቅም። አንደኛው ጥርጣሬ ትሕትና ከሆነ የሁለተኛው አለመኖር ምን ይባላል?

እርግጥ ነው፥ ከባዕድ የመጣ አነጋገር ሁሉ ይባረር አንልም። ግእዝ ራሱ ቅዱሳት መጻሕፍትን ከግሪክና ከዐረብኛ ሲቀበል የእነርሱን አነጋገር አብሮ ተቀብሏል፤ አማርኛም ከግእዝ፥ ከዐረብኛና ከሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ብዙ ወርሷል። ቋንቋ በእንግዳ አይጠፋም፤ እንግዳው ባለቤቱን ሲያስወጣ ግን ይጠፋል። ስለዚህ መለኪያው ቃሉ ከየት መጣ የሚለው አይደለም፤ አሳቡን ለሰሚው ያደርሳልን? በቤት ያለ የተሻለ ቃልስ ነበረን? የሚለው ነው። ይህ መለኪያ ለእንግሊዝኛውም ለአማርኛውም አንድ ነው፤ በሁለት ሚዛን መመዘን አይገባም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ተማሪው «ትክክል ነውን?» ብሎ ሲጠይቃችሁ የሰዋስዉን መልስ ብቻ ሰጥታችሁ አትሸኙት፤ ቃሉ ከማን ጋራ እንደሚውል አሳዩት፥ የሚያሳስተውን ከሚቈረቍረው ለዩለት፥ የራሱ የሆነውንም እንዲይዝ ንገሩት። ጽሑፉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ፤ ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋልና። ተማሪዎችም ቃልን ነጠላ ነጠላውን ሳይሆን ከነጓደኛው ሰብስቡ። ባለ ቋንቋ ስታገኙም «ይህ ልክ ነውን?» አትበሉት፤ ከትሕትና የተነሣ «አዎን» ብሎ ያልፋችኋልና። «አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?» በሉት፤ ያን ጊዜ እውነተኛውን ቃል ትሰማላችሁ። ማታም ቤታችሁ ስትገቡ የዕለቱን ትምህርት ለአያታችሁ በአማርኛ ንገሩ፤ ካልገባቸው ጕድለቱ ከእርሳቸው አይደለም፥ ቃላችሁን እንደገና ምረጡ።